ዱዓ የተደረገለት ኤሌክትሪሺያን

አባቴ ዓይኑ እየደከመ መሆኑን ከእናቴና ከእኔ በቀር በከተማችን በመርሳ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ደሴ ድረስ ወስደነው ያየው ሐኪም ግላኮማ ነው አለን፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። እናቴ አባቴን ይዛ ስትወጣ ሐኪሙ እኔን አስቀርቶ ነገሩን በደንብ አስረዳኝ። አባትሽ የሚያየው በቀጭን ቧንቧ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው፤ መሃሉ አለ፣ ዳር ዳሩ የለም። ኃይለኛ ብርሃን ፊት ለፊት ከመጣበት ደግሞ መሃሉም ይጠፋበታል። ቤት ውስጥ ለስለስ ያለ፣ ዓይኑን የማይወጋ ብርሃን ካገኘ ግን ገና ብዙ ዓመት ራሱን ችሎ ይንቀሳቀሳል።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውርጌሳን እንዳለፈ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለማንም እንዳንናገር አስጠነቀቀን። ምክንያቱን አልጠየቅነውም፤ እናውቀው ነበር። አባቴ አብዱልጀሊል ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሪንቃ ምርምር ማዕከል የማሽላ መስክ ቴክኒሻን ሆኖ ሠርቷል። ጡረታ ከወጣ በኋላም ኅዳር በገባ ቁጥር የሀብሩ ወረዳ ገበሬዎች የማሽላ ዛላ በጆንያ እየያዙ መጥተው ለከርሞ ዘር የሚሆነውን ያስመርጡታል። ግቢያችን ያን ወር ሰው አይጠፋበትም። ባለፈው ኅዳር እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ወሬ የምታወራ መስላ ቀለሙን ትነግረው ነበር፤ የቀረውን ጣቶቹ ይጨርሱታል። ማንም አልነቃም።

«ዓይን የሌለው ሰው ዘር ሲመርጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ አንድ ቀን። «ካወቁ መምጣት ያቆማሉ። መምጣት ካቆሙ እኔ ምንድን ነኝ?»



በዚያው ዓመት ከአሮጌው ቤታችን ፊት ለፊት አዲሱን ቤት እየሠራን ነበር። ግድግዳው ቆሞ፣ ጣሪያው ለብሶ፣ ልስን ብቻ ቀርቶት ነበር። የመብራት ሽቦ የሚያልፍበት ቧንቧ በግድግዳው ውስጥ መቀበር ያለበት ከልስኑ በፊት ነው፤ ከተለሰነ በኋላ መብራት እዚህ ይሁን እዚያ ማለት ግድግዳ ማፍረስ ነው። እናቴ ይህን ሥራ ለእኔ ተወችው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ስለተማርኩ ባለሙያ መምረጥ የማውቅ መሰላት። እኔ የተማርኩት ስታትስቲክስ ነው፤ ሱቅ ገብቼ ዋጋ ስጠይቅ እንኳ ድምፄ አይሰማም።

ቢሆንም ሦስት ባለሙያ አነጋገርኩ። የመጀመሪያው ስንት ክፍል ነው ብሎ ጠየቀኝና ክፍሉን በአምፖል አባዝቶ ጨረሰ። ሁለተኛው ስልኩን አውጥቶ የሠራቸውን ሳሎኖች ፎቶ አሳየኝ፤ አንዱን ምረጪ አለኝ፣ ሁሉም አንድ ነበሩ። ሦስተኛዋ ናጅዋ ናት። ወልድያ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ጀርባ አገኘኋት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሂጃቧን ከአገጯ ሥር አጥብቃ አስራ የቆጣሪ ሣጥን ትፈታ ነበር። ስለ ክፍሉ ብዛት አልጠየቀችኝም።

«ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ማነው?» አለችኝ።

እናቴ፣ አባቴና እኔ አልኳት። ከእነሱ ውስጥ ሌሊት የሚነሳ አለ ወይ፣ ለሶላት የት ታጥባችሁ ነው ውዱእ የምታደርጉት፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ ስትወጡ ደረጃ አለ ወይ፣ አባትሽ የት መቀመጥ ይወዳሉ አለችኝ። ጥያቄዎቿ አንድ በአንድ ወደ ደበቅሁት ነገር ይጠጉ ነበር። ለማንም ያልነገርኩትን ለማላውቃት ሴት ነገርኳት። እጇን ጠራርጋ ወረቀት አነሳች።

ዕቅዱን እዚያው ሣለችልኝ። ሳሎን ውስጥ መብራቱ ጣሪያውን እያየ ከግድግዳው ጫፍ ተደብቆ ይበራል፤ አምፖሉ ራሱ ከየትም አይታይም። በኮሪደሩ ከጉልበት በታች ትንንሽ መብራቶች በመስመር ይሄዳሉ። ደረጃው የራሱ መብራት አለው። ማብሪያ ማጥፊያው በየበሩ በስተቀኝ፣ በአንድ ቁመት ይሆናል፤ አባቴ ሳያይ በእጁ እንዲያገኘው። ወለሉ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ እንዳይሆን ጻፈችልኝ፣ ብርሃኑን መልሶ ዓይኑ ላይ ይረጨዋልና። ቅዳሜ መጥታ ግድግዳው ላይ ምልክት ልታደርግ ተቀጣጠርን።

ለአባቴ ከወልድያ ባለሙያ አግኝቻለሁ ብቻ አልኩት። ሴት መሆኗን አልነገርኩትም። ይከለክለኛል ብዬ ሳይሆን ይጠይቀኛል ብዬ ነው፤ እኔ ደግሞ ጥያቄ ሲበዛብኝ ዝም እላለሁ። ስትመጣ ያያታል፣ ሥራዋን ሲሰማ ይወዳታል ብዬ ተውኩት። ስትመጣ ያያታል ብዬ ማሰቤን አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ አባቴ ሽማግሌዎች ጠራ። በእኛ ዘንድ ቤት ሲሠራ የባለሙያው እጅ ሳይመረቅ ሥራ አይጀመርም። መሠረት ሲቆፈር ለግንበኛው፣ ጣሪያ ሲመታ ለአናጢው ዱዓ ይደረጋል፤ ባለሙያው ቀርቦ እጅ ይጫንበታል። አንዴ ዱዓ የተደረገለትን ሰው ማሰናበት ደግሞ ቤቱን እንደመርገም ይቆጠራል። አምስት ስድስት ሽማግሌ ባልተለሰነው ሳሎን ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ተቀመጡ። ከእነሱ አንዱ በሲሪንቃ የጤፍ መስክ ይሠሩ የነበሩት የአባቴ ባልደረባ ጋሽ ገዛኸኝ ነበሩ። ክርስቲያን ናቸው፣ ግን በእኛ ቤት ያልተገኙበት ዱዓ የለም፤ ሌላው አሚን ሲል እሳቸው አሜን ይላሉ።

ናጅዋ ዘገየች። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ቆሟል ብላ በስልክ ጻፈችልኝ፣ ቀጥሎ ሲሪንቃ ደርሻለሁ አለች። ጋሽ ገዛኸኝ አባቴን በቀልድ ይነካኩታል፤ ለማሽላው ሲሮጥ የኔን ጤፍ እንደ ሣር ይረግጠው የነበረ ሰው ዛሬ በመብራት ሊኖር ነው ይሉታል። አባቴ ይስቃል። ከዚያ ፀሐዩ በረታ፣ ሽማግሌዎቹም መቁነጥነጥ ጀመሩ፣ አባቴ እንግዲህ ፋቲሐ እንቅራ አለ።

ቁርዓኑ ተጀምሮ ሳለ ኢዘዲን ገባ። የጎረቤታችን የሙሐመድዘይን ልጅ ነው፤ መርሳ ውስጥ መብራት ይሠራል። ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲያልፍ ሰው መሰብሰቡን አይቶ ነው የገባው። ፋቲሐ እየተቀራ ስለነበር ሰላምታ ሳይሰጥ በዝግታ በሩ ሥር ተቀመጠ፤ የመሣሪያ ቦርሳውን መሬት ሲያስቀምጥ ብረቱ ተንቀጫቀጨ። አባቴ ፊቱን ወደ ድምፁ መለሰ።

«ባለሙያው መጣ?» አለ። «ይቅረብ።»

ሰው ሁሉ ኢዘዲንን አየ። መሣሪያ የያዘው እሱ ብቻ ነው። ኢዘዲን ግራ ተጋብቶ እኔን አየኝ፤ እኔ የውሃ ጆግ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አፌን ከፈትኩ። አባ፣ ይሄ ኢዘዲን ነው ብል አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን የጎረቤት ልጅ በጥቂት እርምጃ ርቀት አላወቀውም ማለቴ ነው፤ ያን ደግሞ የምለው በስድስት ሽማግሌ ፊት ነው። አፌን ዘጋሁ። ኢዘዲን ተነስቶ ሄዶ ተንበረከከ። አባቴ መዳፉን ራሱ ላይ ጫነ።

«እጅህ አይሳት። የምታበራው አይጥፋ። ቤቴን ለአንተ ሰጥቻለሁ፣ አላህ ያሳምርልህ።»

አሚን ተባለ፣ አንድ አሜን ከመሃሉ ተሰማ። ኢዘዲን የአባቴን ሌላኛውን እጅ ሳመና «አላህ ይስጥልኝ ጋሼ፤ ይህን ያህል ያከብሩኛል ብዬ አላሰብኩም» አለ። ያኔ የአባቴ ጣቶች የልጁ ራስ ላይ ቆመው ሲቀሩ አየሁ። ድምፁን አውቆታል። ለአፍታ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «የኔ ልጅ» አለው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ናጅዋ በር ላይ ደረሰች፤ ባለ እጀታ ሣጥን ይዛለች፣ የሱሪዋ ጫፍ አቧራ ለብሷል። አሰላሙ አለይኩም አለች። አባቴ ማናት ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ሣጥኑን ያያሉ። «የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ናት» አልኩ። ናጅዋ አየችኝ፣ በሩ ሥር ያለውን ቦርሳ አየች፣ የአባቴን ዓይን አየች። ሌላ ምንም ሳትጠይቅ ሣጥኗን ከበሩ ጀርባ አስቀምጣ እናቴ ዘንድ ገባች፤ እንደ ጓደኛዬ ምሳ በላች፣ እንደ ጓደኛዬ ስለማታውቃቸው መምህራን አወራችልን።

ስሸኛት መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ቆመች። «ልጁ መጥፎ ሠራተኛ ነው?» አለችኝ። አይደለም፣ ጎበዝ ነው አልኳት። ዕቅዱን ይከተል፤ ማንም ቢሠራው ለውጥ የለውም፣ ግን ምክንያቱን ካልነገርሽው አይከተልሽም አለችኝ። ለምልልሷ የመኪና ሂሳብ ልሰጣት ብል እጄን መልሳ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።

ማታ አባቴን ቀን የመጣችው ልጅ ባለሙያዋ ነበረች አልኩት። አውቄያለሁ አለ፤ ሣጥኗ ሲቀመጥ ሰምቷል። ኢዘዲንን ጠርተን ስህተት ነው ብንለውስ አልኩት። 

«ምን እለዋለሁ? ዱዓዬን መልስ እለዋለሁ? ሰው ሲጠይቅ ደግሞ አላየሁትም ነበር እላለሁ?»

እናቴ ከጓዳ ሆና ተዪው አለችኝ። ተውኩት።

በማግስቱ ዕቅዱን ለኢዘዲን ወሰድኩለት። እያገላበጠ አየው። ሊያሳዝነኝ አልፈለገም፣ ሳቁን ግን መያዝ አቃተው።

«አሲያ፣ ይሄ እኮ የሆስፒታል ኮሪደር ነው። ጉልበት ላይ መብራት? ድመት ነው የሚኖርበት?»

እኔ ኃይለኛ መብራት አልወድም አልኩት። አንቺማ ነገ ታገቢያለሽ፣ ቤቱ የጋሼ ነው አለኝ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ኢዘዲን የመርሳ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ጓደኛው ነው፤ ለእሱ የተነገረ እስከ ዙሑር ሶላት ውርጌሳ ይደርሳል። እሱ ግን ይልቅ ጋሼን ራሳቸውን እንጠይቃቸው ብሎ ግድግዳ ለሳኞቹ በቆሙበት ወደ አባቴ ሄደ።

«ጋሼ፣ ሳሎኑ ደመቅ ይበል ወይስ ደብዘዝ?»

ለሳኞቹ ማለስለሻቸውን ይዘው መልሱን ጠበቁ። ደብዘዝ ይበል የሚል ሰው መርሳ ውስጥ የለም። አባቴም እንደማንኛውም ሰው መለሰ።

«ደመቅ ይበል እንጂ።»

ኢዘዲን ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ዱዓ የወረደለት ሥራ ነውና ከሌላ ቤት ሰዓት እየቀነሰ መጣልን። ሽቦውን ሁሉ በአዲስ ዘረጋው፣ አንድም ቦታ በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ አልተወም። ጂፕሰም ኮርኒስ አሠርቶ ስምንት ስፖት ላይት ቀበረበት፣ ከመሃሉ ትልቅ ተንጠልጣይ መብራት ሰቀለ፣ ዙሪያውን ቀለም የሚቀያይር የመብራት መስመር ዘረጋበት። መብራቱ ያምራልና ወለሉም ይመጥነው ብሎ የሚያብረቀርቅ ነጭ ሴራሚክ የት እንደሚገኝ ለእናቴ ነገራት። ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ሰባቱንም በአንድ ሰሌዳ ላይ ደረደራቸው፤ ጋሼ ከተቀመጡበት ሆነው ቤቱን ሁሉ እንዲያዙ ነው አለኝ። በየቀኑ ሥራውን ሳየው ላናግረው እነሳለሁ፣ ሁልጊዜም ጎበዝ ብዬው እመለሳለሁ።

ቤቱ ጥቅምት መጨረሻ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ ተመረቀ። ሽማግሌዎቹ በሙሉ መጡ፣ ከገጠሩም ዘር የሚያስመርጡት ገበሬዎች ማር በገንቦ፣ ሙክት በገመድ ይዘው መጡ። ፀሐይ ስትገባ ኢዘዲን ተነስቶ ሰሌዳውን በሁለት እጁ ነካው። ሳሎኑ በአንዴ በራ። ማሻ አላህ ተባለ፤ ጋሽ ገዛኸኝ አዲስ አበባ መጣን እንዴ አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያይ እኔ አባቴን አየሁት። ብርሃኑ ከላይ መጣበት፣ ከወለሉ ተመልሶ መጣበት። ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ሳብ አደረገ። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ግን ምንም ላይ አላረፈም።

እንግዶቹ በልተው መረቁና ሊሄዱ ተነሱ። በእኛ አገር ባለቤት ሽማግሌ እንግዳውን እስከ ግቢው በር ይሸኛል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲሸኝ ነው የኖረው፤ አንዳንዱን እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ነበር የሚያደርሰው። ያን ዕለት እጁን ወንበሩ ላይ ተጭኖ ተነሳ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ፣ እግሩ ነጩን ወለል ዳሰሰ። ከእሱና ከበሩ መሃል አርባ የሚሆን ሰው፣ ጠረጴዛዎችና አንድ ደረጃ አለ። አጠገቡ ለመድረስ ሰው እየገፋሁ መጣሁ፣ ግን ሳልደርስ ተመልሶ ተቀመጠ።

«በሰላም ግቡ» አለ ከተቀመጠበት።

እንግዶቹ ተያዩ። ከዚያ እያንዳንዱ እየመጣ እጁን እየጨበጠ ወጣ። እሱ የሚዘረጉለትን እጆች ስለማያያቸው የራሱን እጅ ከፊቱ አውጥቶ ይጠብቅ ነበር፤ እጁን ለመሳለም የሰጠ ትልቅ ሰው ይመስላል። እኔ እናቴ ባዘዘችኝ መሠረት በር ላይ ቆሜ አሰናብት ነበር። ጋሽ ገዛኸኝ ጫማቸውን ሲያደርጉ አጠገባቸው ላለው ገበሬ ነገሩት፤ ክፋት የለበትም፣ ያዘነ ድምፅ ነው።

«ምን ታደርገዋለህ፣ ቤት ሲያምር ሰው ይኮራል።»

ገበሬው ራሱን ነቀነቀ። «እኛም እንግዲህ በጭቃ እግራችን ይህን ወለል አንረግጥም» አለ።

ሁለቱም በር ላይ መሆኔን ያዩት በኋላ ነው። ጋሽ ገዛኸኝ አፍረው ደህና እደሪ ልጄ አሉኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አባቴ አልኮራም፣ አያያችሁም ማለት ብቻ። ግን ያን ዓረፍተ ነገር እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ፤ ካልተናገርኩትም የሚያምኑት ሌላውን ነው። ደህና እደሩ አልኳቸው።

ለአባቴ ያሉትን አልነገርኩትም። ኅዳር ሲገባ ግን ራሱ አወቀው። የመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልመጣም። ማሽላው ዘንድሮ ዘግይቷል አለ። በሁለተኛው ሳምንት ከሊብሶ በኩል አንድ ሽማግሌ መጥተው ጆንያቸውን ከበረንዳው ውጭ አውርደው ቆሙ፤ ይግቡ ብንላቸው ወለሉን አየት አድርገው እዚሁ ይሻለናል አሉ። አባቴ ወጥቶ በግቢው ፀሐይ በጣቶቹ መረጠላቸው። ወደ ቤት ከመመለሱ በፊት የሌሎቹን ስም እየጠራ ጠየቃቸው። ሌሎቹ ለምርምር ማዕከሉ ወጣቶች እያሳዩ ነው አሉት፤ ጋሽ አብዱልጀሊልን አሁን ማስቸገር ነውር ነው ተባብለው።

እናቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣች። ንገራቸውና ይለይልህ አለችው፤ ሳያውቁም መምጣት አቁመዋል፣ ቢያውቁ ምን ይቀርብሃል? አባቴ ለዘንድሮ ኮራ ይበሉኝ አለ። ኩራት ይቅር ይባላል፣ ለከርሞ ይመለሳሉ፤ ዓይን ግን ከተነገረ በኋላ አይመለስም። እናቴ እኔን አየችኝ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ በሚል ዓይን።  እሱ የሚለው ትክክል አይመስለኝም፤ ስህተት ነው ለማለት ግን እኔም ማስረጃ የለኝም።

ኢዘዲን በየአሥራ አምስት ቀኑ ብቅ እያለ የጠፋ አምፖል እንዳለ ይጠይቃል። የለም እንለዋለን። እውነት ነው፣ አንድም አልጠፋም።

አባቴ አሁን ሲመሽ ወንበሩን ከመስኮቱ ፊት ለፊት አስደርጎ ይቀመጣል። ትናንት ሳሎኑን ጨለማ አድርጌ ትቼለት ነበር፣ እንዲያርፍ ብዬ። የመግሪብ አዛን እንዳለቀ ጠራኝ።

«አሲያ፣ አብሪው።»

ዓይንህን ያምሃል እኮ አባ አልኩት።

«አብሪው። ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ካለ ቤት መሆኔን ይወቅ።»

ሰባቱንም ተጫንኳቸው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ተቀመጠ።